ባለቤቴ ከደብረ ማርቆስ የጫነው ሣጥን

ባለቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠርኩት ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት አብረን ዞረናል። በአሥመራ በኩል ወጥተን ከሰላን፣ ካርቱምን አይተን፣ በባቡርና በጀልባ እስከ ካይሮ ደርሰን ተመልሰናል። በሞያሌ ወጥተን ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ሞምባሳ ኖረናል። በየኬላው ያልጠረጠረን ዘበኛ አልነበረም። እኔ ግን እሱን አንድም ቀን ጠርጥሬው አላውቅም ነበር።

እንድትረዱኝ በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ የሻረግ ነው። የተወለድኩት ከማንኩሳ ወጣ ባለ የገበሬ ቀዬ ነው፤ ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ አለነ ይባላል። ከአባቱ የወረሳትን ርስት እያረሰ ለማንም ሳይጎነበስ የኖረ ሰው ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ለማልፈልገው ሰው ዳረኝ። ሠርጉ ባለፈ በወሩ ከዚያ ቤት ጠፍቼ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። አባቴም «የሻረግ የምትባል ልጅ የለችኝም» አለ መባሉን ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እሱ ወደኔ፣ እኔም ወደሱ ሰው ልከን አናውቅም።

ሽፈራውን ያወቅኩት እዚያው አክስቴ ሰፈር ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ መካኒክም ሾፌርም ነበር። ከተጋባን በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልንም። እሱ መኪና ይጠግናል፣ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሲመቸን እንቀመጣለን፣ ሲሰለቸን እንነሳለን። ናይሮቢ ላይ አሮጌ ላንድሮቨር ገዛንና ከዚያ በኋላ ቤታችን እሷ ሆነች። የቤቱ እመቤት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ከኋላ በየትኛው ብርድ ልብስ ሥር ምን እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ ዳስሼ አገኘው ነበር። የየአገሩን ቋንቋ ቀማምሰናል፤ ዐረብኛውን ግን ሱዳን ብዙ ስለቆየን በደንብ ለመድነው። አገራችን ከተመለስን በኋላ ሰው እንዳይሰማን ስንፈልግ የምናወራው በሱ ነበር።

አምስቱንም ዓመት «አባቴ ሳይሞት ይቅር ይበለኝ፣ ውሰደኝ» እያልኩ ለምኜዋለሁ። መልሱ አንድ ነው፤ አሁን አይሆንም። ጎማው አልቋል፣ ክረምቱ ይለፍ፣ በጋው ይግባ። በስልሳ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ግን፣ አዲስ አበባ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ጠዋት ራሱ «የሻረግ፣ ጎጃም እንሂድ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ለምን አሁን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀንን አልፈን ደብረ ማርቆስ አደርን። ሲነጋ ሽፈራው «ዘይት ላስቀይር» ብሎ መኪናዋን ይዞ ወጣ። ዘይት ሲቀይር የኖረው በገዛ እጁ ነው፤ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ብርድ ልብሶቼ ተነስተው፣ ቁመቱ አንድ ሰው የሚያክል፣ ዙሪያውን ምስማር የተመታበት የእንጨት ሣጥን ከኋላ ተጋድሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የአንድ ወዳጄ ዕቃ ነው። ቡሬ አውርደነው እናልፋለን።»

«ምን ዕቃ?»

«የቤት ዕቃ ነዋ። አልጋ ይመስለኛል።»

ይመስለኛል ነው ያለው። ሽፈራው ኬላ ላይ ጣጣ ያመጣብናል እያለ የሰው ዘንቢል እንኳ ከፍቶ ሳያይ የማይቀበል ሰው ነበር። ነገሩ ከንክኖኛል፤ ሆኖም በዚያ ቀን አባቴን ላይ ነኝና ብርድ ልብሶቼን ሣጥኑ ላይ መልሼ አለባብሼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

መንገዱ ግን እንደማውቀው አልሆነልኝም። ደምበጫን አልፈን ጅጋ እስክንደርስ የሚያርሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው መኪናችን ከዓይን እስክትጠፋ ይመለከቱናል። እጄን ባወዛውዝ የሚመልስልኝ የለም። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች ከመንገዱ ወርደው ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሽፈራው «መኪና አላዩም ይሆናላ» አለኝ። በዚያ መንገድ አውቶቡስ ማለፍ ከጀመረ ስንት ዘመኑ!

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ምግብ ቤት ገባን። ወጡ ይሸታል፤ ሰዎች ይበላሉ። ባለቤቲቱ መጣችና ከእኛ ይልቅ ደጅ የቆመችውን መኪና እያየች «ምግብ አልቋል» አለችን።

«ይኸው ሰው እየበላ አይደል?» አላት ሽፈራው።

«የነሱም አልቋል» ብላ ጀርባዋን ሰጠችን። እውነትም ይበሉ የነበሩት ሰዎች መብላት አቁመው ያዩናል።

ሽፈራው እየተናደደ ውኃ ሊቀዳ ሄደ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ጎን ካለው ሱቅ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ። ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ በኋላ ስማቸው ሐጂ ኑሩ እንደሚባል አውቄያለሁ።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

«የአለነ ልጅ ነኝ፣ አባባ። ማንኩሳ ልጠይቀው እየሄድኩ ነው።»

«የአለነ! አለነን አውቀው የለ፤ ጨው ከኔ ነው የሚገዛ።» ቀና ብለው መኪናዋን አዩ። «መኪናችሁ ከብዷታል።»

«ኧረ ብዙም አልጫነችም።»

«እኔስ ጎማዋን አይደለም የማይ። መንገዱ ዘንድሮ የሚያሳልፍ ቀለል ያለውን ነው። ሸክሙ ያንች ካልሆነ እዚሁ አውርጅው። ያንች ከሆነ ደግሞ ሳይመሽ ወደመጣሽበት ተመለሽ።»

«ምን መጣ፣ አባባ?»

ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀላድ መጣ ይባላል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።»

ቀላድ የሚባለው መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። ልጅ ሆኜ እንኳ ሰው ስሙን ሲያነሳ የአባቴ ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ። ለጎጃም ገበሬ ርስቱ ተለካ ማለት ከእጁ ሊወጣ ነው ማለት ነበር። ያን ቃል ስሰማ ዓይኔ ራሱ ወደ መኪናዋ ሄደ። ብርድ ልብሶቹ ሥር የሣጥኑ ጠርዝ ይታያል። ሽፈራው ጀሪካኑን ይዞ ሲመጣ ከኔ ጋር የቆሙትን ሰውዬ አየና ርምጃውን ገታ። አምስት ዓመት ስኖር የማላውቀውን ፊት ያየሁበት ያኔ ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ከከተማው እንደወጣን፣ «ሽፈራው፣ ሣጥኑን ክፈተው» አልኩት።

«የሰው ዕቃ አልከፍትም።»

«እስከ ዛሬ የስንቱን ሰው ዕቃ ነው የከፈትከው?»

መሪውን በመዳፉ መታው። «አባትሽን ማየት ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አምኜው አልነበረም፤ የአባቴ ናፍቆት አፌን ይዞኝ ነው። «አቁምና አውርደኝ» ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ እንደነበር ዛሬም አልረሳውም።

ማንኩሳ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ተጋድሞ አገኘን። አዲስ የተቆረጠ ነው፤ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ሽፈራው ፍሬን ሲይዝ ከሁለቱም ወገን ምንሽር የያዙ ሰዎች ወጡ፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ።

«ውረዱ» አለ ከፊት ያለው። ወረድን። «የማን ሰዎች ናችሁ?»

«የአለነ ልጅ ነኝ! የሻረግ ነኝ!» አልኩ።

ሰውየው የራስ መሸፈኛዬን፣ የእጅ ሰዓቴን፣ ጫማዬን አንድ በአንድ አየ። «የአለነ ልጅ ሞታለች ነው የሚባል።»

«ይኸው አልሞትኩም።»

«እሱን አለነ ይየው።»

መኪናዋን ሲፈትሹ ሣጥኑን አገኙት። አንዱ መጥረቢያ አነሳ፤ አለቅየው ግን ያዘው። «ሽማግሎች ሳያዩ አይነካም» አለ። ለአራት ተሸክመውት ከፊት ሄዱ፤ እኛን መሐል አስገብተው በማሳው ጥግ ነዱን። ከኋላዬ አንድ ቀጭን ሰው ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ይከተለኛል። ሌሎቹ እርስ በርስ ያወራሉ፤ እሱ አንድ ቃል አልወጣውም። ዞር ባልኩ ቁጥር ዓይኑ ሽፈራው ላይ ነው።

እየሄድን ቀዬውን ማወቅ ጀመርኩ። ወዴት እንደሚወስዱንም ገባኝ፤ ልጅ ሆኜ ወደተጠመቅኩባት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከደጀ ሰላሙ ፊት ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። መሐላቸው የደብሩ መሪጌታ አሉ። ከመሪጌታው አጠገብ ደግሞ ዱላውን ጉልበቱ መሐል ተክሎ አባቴ ተቀምጧል።

አርጅቷል። ዓይኖቹ ነጭ ለብሰዋል። ስሜን ጠርቼ ወደሱ ልሮጥ ስል ጠብመንጃ ደረቴ ላይ ተጋደመ።

«አለነ፣ ልጅህ ነኝ የምትል ሴት ይዘናል» አለ አለቅየው።

አባቴ አልተነሳም። ፊቱን ወደኔ አዞረ። «እስኪ ተናገሪ» አለ።

«አባቴ፣ እኔ ነኝ። እንደምን ነዎት?»

ፊቱን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሰ። «ድምጿ የሷ ነው» አላቸው። «ልቧን ግን አላውቀውም።»

ያቺ ቃል የመታችኝን ያህል ማንም መቶኝ አያውቅም። በአምስት ዓመት ውስጥ የስንት አገር ዘበኛ ወረቀቴን ገልብጦ አይቷል፤ አንዱም አላስለቀሰኝም። እዚያ ላይ አለቀስኩ።

«ልጄ ከሆንሽ፣ የኛ መሬት ከምን ይዋሰናል?» አለኝ አባቴ።

ደስ አለኝ። ይህንማ እንዴት እረሳለሁ! እንባዬን ጠርጌ እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «በላይ በኩል ከማርያም መሬት። በታች ከጅረቱ። በግራ አጎቴ ከተከለው የቁልቋል አጥር፣ በቀኝ ደግሞ መብረቅ ከመታው ዋርካ ሥር ካለው ጥቁር ድንጋይ።»

ጨርሼ ፈገግ ብዬ ቀና ስል አንድም ሰው አብሮኝ ፈገግ አላለም። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሽማግሌ «አያችሁ?» አሉ። «ድንበሩን የምታውቅ መሪ ይዘው መጡ!»

ሰዉ አጉረመረመ። የአባቴ ልጅ መሆኔን ያረጋገጥኩበት ቃል ያው የከሰሰኝ ቃል ሆነ። አባቴም አንገቱን ደፋ።

መሪጌታው እጃቸውን ዘርግተው ሰዉን ጸጥ አሰኙ። «ሣጥኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አሉ ወደ ሽፈራው።

«የቤት ዕቃ ነው፣ አባቴ» አለ ሽፈራው። ድምጹ ቀጥ ያለ ነበር። ኬላ ላይ የሚናገርበት ድምጹ ነው።

«እኛ ሽፍቶች አይደለንም። የመንገደኛ ሣጥን ሰብረን አንዘርፍም» አሉ መሪጌታው። «አንተ የሩቅ አገር ሰው ነህ፤ የማልህበትን አናውቅልህም። እሷ ግን እዚህ ተጠምቃለች። ይህን በር ይዛ፣ በማርያም ፊት፣ ‹ሣጥኑ ውስጥ የመሬት መለኪያ የለም› ብላ ከማለች ዛፉን አንስተን እናሳልፋችኋለን። ለአባቷም ትሰጣለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በሐሰት ብትምይ የሚሆነውን ደግሞ አንችም አትስችው፣ ልጄ።»

ወደ በሩ አደረሱኝ። እንጨቱ ላይ የብረት ቀለበት አለ፤ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር። ዞሬ ሽፈራውን አየሁት። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግኩት፤ ዓይኑን ቀና አድርጎ እንዲያየኝ። አላየኝም። መሬት መሬት እያየ፣ ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው፣ በዐረብኛ «ማይ፤ ዝም ብለሽ ማይ። በኋላ አስረዳሻለሁ» አለኝ።

በኋላ የሚያስረዳኝ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን አላት? በምን ቋንቋ ነው?» ተጯጯሁ ሰዎቹ። ሽፈራው «ጸሎት ነው» አላቸው።

ቀለበቱን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ስለ ኃጢአት አላሰብኩም። ብምል አባቴን አቅፈዋለሁ፤ ለዓመታት የለመንኩት ምሕረት ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጧል። ባልምል ባሌ ይሞታል። ለመማል አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ሣጥኑ ውስጥ» እስከሚለው ድረስ ተናግሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል ግን እምቢ አለኝ። አባቴ ጆሮውን ወደኔ አዘንብሎ ይጠብቃል። ዓይኑ ባያየኝም ድምጼ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

ቀለበቱን ለቀቅኩት። «አላውቅም» አልኩ። «ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ጠይቄው አልነገረኝም። ክፈቱት።»

«የሻረግ!» አለ ሽፈራው። ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

መጥረቢያው ክዳኑ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈ። ከውስጥ ሦስት እግር ያለው የእንጨት መቆሚያ ወጣ፤ ቀይና ነጭ የተቀቡ ዘንጎች ወጡ፤ በወፍራም ጨርቅ የተጠቀለለ፣ መነጽር የተገጠመለት የናስ መሣሪያ ወጣ። በመጨረሻ ጥቅል የብረት ሰንሰለት ተጎትቶ ሲወጣ ድምጹ ሁሉንም አስነሳቸው።

ሽፈራውን ከበቡት። አንዱ በሰደፍ ትከሻውን መታውና ተንበረከከ። አለቅየው ወደኔ ዞሮ «እሷም ታውቃለች፣ ቋንቋ አውርተዋል!» ሲል ያ ቀጭን ሰውዬ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። ቢሻው ይባላል። ወደ ሽፈራው ጠጋ ብሎ ጥርት ባለ የሱዳን ዐረብኛ «ያ ዞል፣ ሰምቼሃለሁ» አለው። ዞል ማለት በነሱ ዘንድ ሰውዬ እንደማለት ነው።

የሽፈራው ፊት አመድ መሰለ።

ቢሻው ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ገዳሪፍ ሦስት ዓመት ማሽላ አጭጃለሁ፤ ቋንቋቸውን አውቀዋለሁ። ‹ዝም ብለሽ ማይ› ነው ያላት። እሷ አታውቅም ነበር። ብትምል ኖሮ ግን» አለና ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ «ሁለቱም ከዚህ አይነሱም ነበር።»

በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ሽፈራው ሲጠየቅ ሁሉንም ተናገረ። አዲስ አበባ ሳለን አንድ ሰውዬ ነው ያገኘው። መለኪያ የጫነ የመሥሪያ ቤት መኪና በዚያ መንገድ ማለፍ እንደማይችል ነግሮታል። «ባለቤትህ የዚያ አገር ልጅ ናት አሉ፤ እሷ ከጎንህ ከተቀመጠች ማንም አይነካህም» ብሎታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሣጥኑን የሚያስረክበው ሰው ይጠብቀዋል፤ ቡሬ ላይ የሚቀበለው አለ። ሥራውን ከፈጸመ በሾፌርነት ይቀጠራል፤ መኖሪያ ቤትም ይሰጠዋል። «መዞር ሰልችቶኝ ነው» አለ ሽፈራው። «ቤት ላስገባት ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው «ጎጃም እንሂድ» ያለኝ ጠዋት ትዝ ያለኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ፣ ለአባቴ ጋቢ ልገዛ ስሮጥ እንዴት እንዳየኝ። እኔ አባቴ ያልኩት ለሱ ማለፊያ ወረቀት ነበር።

ሰዎቹ ሊገድሉት ነው። እንደሚገድሉት ማንም አልተጠራጠረም፤ የሚከራከሩት የት እንደሆነ ነው። አባቴ ዱላውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ወቀጠ። ጸጥ አሉ።

«የሻረግ» አለኝ። ስሜን በአፉ ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። «ስለሱ ትምያለሽ?»

ሽፈራው አየኝ። ሁሉም አየኝ።

«ስለ ልቡ አልምልም» አልኩ። «ዛሬ ልቡን አላውቀውም። ስለ እጁ ግን እምላለሁ። አብሬው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በሰው ላይ እጁን ሲያነሳ አላየሁም።» ተነስቼ ቀለበቱን ራሴ ያዝኩና ማልኩ።

አባቴ በዱላው ተደግፎ ተነሳ። «እንግዲህ ይበቃል። ሰውየው እንግዳዬ ነው። ቤቴ ያድራል፤ ጠዋት በመጣበት ይመለሳል። ከዚያ በፊት የነካው ካለ ደሙ በኔና በሱ መካከል ነው።»

አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። መሪጌታው ግን መስቀላቸውን አውጥተው «በቃ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው በቃ።

በማግሥቱ ጠዋት መሣሪያውን ሰባብረው ሰንሰለቱን ወንዝ ከተቱት። ዛፉ ተነስቷል። ቢሻውና ሌላ አንድ ሰው እስከ ጅጋ ሊሸኙት ከኋላ ተሳፍረዋል። ሽፈራው ሞተሩን አስነስቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«ነይ እንጂ፣ እንሂድ» አለኝ።

«ለምን ነበር ‹ጎጃም እንሂድ› ያልከኝ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ሳትነግረኝ ነው ለኔ ያልከው?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም ነበር» አልኩት። «ሽፈራው፣ እኔ እዚሁ ቀርቻለሁ።»

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ወርዶ የልብስ መስፊያ መኪናዬን፣ ብርድ ልብሶቼን፣ አንዲት ሻንጣዬን አወረደልኝ። ለአባቴ የገዛሁትን ጋቢ ከመቀመጫው ሥር ፈልጎ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። መኪናዋ ስትሄድ አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። አባቴ ከኋላዬ መጥቶ «ሄደ?» አለኝ። «ሄደ» አልኩት። «ነይ እንግዲህ ግቢ» አለኝ። ይቅርታው ይኸው ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ፤ እጄ ላይ ነው ያረፈ። ከዚያ ቡሬ ገብቼ ምግብ ቤት ከፈትኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ከባላችሁ ወይም ከሚስታችሁ ጋር በአንድ መኪና የምትሄዱ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኔ ያደግኩት ባሏን የምትጠረጥር ሴት ትዳሯን የምታፈርስ ናት እየተባልኩ ነው። ትዳሬን ያፈረሰው ግን ጥርጣሬዬ አይደለም። «ክፈተው» ብዬ ሲቆጣ ዝም ማለቴ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ጠንከር ብዬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሣጥኑን ሜዳ ላይ ጥለን፣ ተጣልተን፣ ታርቀን፣ ዛሬም አብረን እንኖር ይሆናል። ወይም አንኖርም። ይህን ሁሉ ዘመን አስቤበት መልሱን አላገኘሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰው ይቆጣኛል ብዬ አፌን አልያዝኩም። ሰው ሁሉ ወዶኛል አልልም።

ሽፈራው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መጣ። አንድ ቀን በቀትር አውቶቡስ ቡሬ ቆሞ መንገደኛው ሲገባ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ አየሁ። ድሬዳዋ እንደሚኖር፣ አግብቶ ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። «አንቺን ብቻ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። አስቀምጬ ምግብ አቀረብኩለት፤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ስለ አባቴ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ እኔ የምጠይቀውን ጠየቅኩት።

«ያ ሣጥን ባይኖር፣ አንድ ቀን ወደ አባቴ ታመጣኝ ነበር?»

ጉርሻውን አስቀመጠ። «ላንቺ ብዬ ነው» እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ ለዚያም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እንደዚያ አላለኝም።

«አላመጣሽም ነበር» አለኝ። «አባትሽን ካገኘሽ የምትቀሪ እየመሰለኝ እፈራ ነበር።»

አመንኩት። ወጥ ጨመርኩለት፤ ሳያስተርፍ በላ። አውቶቡሱ ጥሩንባ ሲነፋ እስከ በሩ ሸኘሁት። ተጨባብጠን ተሰነባበትን፤ እኔም ሌሎቹ መንገደኞች ይጠብቁኝ ነበርና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።